ግንባርና መጋረጃው

በቅርቡ አንድ ሰኞ ዕለት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ ክፍል ስገባ፤ ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ አየሁ። ተማሪ በክፍል ውስጥ ነጠላ ተከናንቦ መቀመጡ የተለመደ አይደለምና፤ «ምነው፣ ደኅና አይደላችሁም? ኀዘን አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፋች። ከኋላዋ የተቀመጡት ወንዶች ግን ሳቁ። ነገሩ ኀዘን አለመሆኑን ያወቅሁት በሳቃቸው ነው።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ ብቻዋን አስቀረኋት። ነጠላውን ገለጥ ስታደርገው፤ የግንባሯ ጠጕር በመቀስ ተቈርጦ ግራው ከቅንድብ በላይ፣ ቀኙ እስከ ጉንጭ ቀርቷል፤ ጫፉም በፔስትራ ተለብልቦ እንደ በጋ ሣር ደርቆ ቆሟል። ከዚያም በስልኳ ላይ የአንዲት ቆንጆ ሥዕል አሳየችኝና፤ «ቲቸር፤ እንደዚህ ይሆናል ብዬ ነበር» አለች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

በዚህ ዓምድ ስንጨዋወት የቆየነው ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ፈተናና ስለ ደመወዝ አያያዝ ነበር። ዛሬ ስለ ጠጕር ስጽፍ፤ «ይህች መምህርት ቁም ነገር አለቀባት ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ግን አንዲት ተማሪ በግንባሯ ምክንያት ሁለት ቀን ከትምህርት ከቀረች፤ በሦስተኛውም ቀን ተከናንባ ከመጣች፤ ነገሩ ቁም ነገር ነው እላለሁ። ታሪኩን የምጽፈው ራሷ ፈቅዳልኝ ነው፤ ስሟ ግን ከእኔ ጋር ይቀራል።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ይህ ቍርጥ በፈረንጆች ዘንድ ስሙን የወሰደው ከመስኮት መጋረጃ ነው። የመስኮት መጋረጃ ከመሐል ተከፍሎ ግራና ቀኝ እንደሚሰበሰብ ሁሉ፤ የግንባሩም ጠጕር ከመሐል ይከፈልና በሁለቱ ዐይኖች መካከል ዐጠር፣ ወደ ጉንጭ ሲወርድ ረዘም እያለ ከኋላው ረጅም ጠጕር ጋር ይቀላቀላል። ግንባርን ጨርሶ አይጋርድም፤ ገለጥ ከደን ያደርገዋል እንጂ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ካስታወቁት አንዷ የፈረንሳይ የሲኒማ ተዋናይት ብሪዢት ባርዶ ነበረች። ቍርጡ በ1970ዎቹም ቆየ፤ ቀጥሎ ቀዘቀዘ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ በተከተተና ጠጕር ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ግን እንደገና ተነሣ፤ ብዙ ሴቶችም በየመስተዋታቸው ፊት ቆመው በገዛ መቀሳቸው ቈረጡት። ተማሪዬ ዘግይታ የደረሰችው ከዚህ ሰልፍ ነው።

በራስ ጠጕር ነገር መናገር ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ቁንጮ ሕፃኑን፣ ሳዱላ ያላገባችውን ልጃገረድ ያስታውቅ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን አርበኞች ጎፈሬያቸውን አሳድገው በዱር ኖረዋል። የአፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ በሠዓሊ ሁሉ እጅ ይሣላል፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ከራሳቸው ተቈርጦ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ዘለላ፤ ለንደን ከሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ጠጕር ተራ ነገር ቢሆን ኖሮ፤ ወሳጁም ባልወሰደው፣ ባለቤቱም ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ባልጠየቀው ነበር። ስለዚህ «ለጠጕር ብለሽ ታለቅሻለሽ?» ብሎ ልጂቱን መገሠጽ ለእኔ ቀላል ሆኖ አልታየኝም።

እንግዲህ እኅቴ፤ መቀስ ከማንሣትሽ በፊት የምትቈርጪውን ነገር ጠባይ ዕወቂ።

ከቆዳ በላይ የሚታየው ጠጕር ሕይወት የለውም። ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጥፍርም የተሠራው ከዚሁ ነው። ሕይወት ያለው በቆዳ ውስጥ የተቀበረው ሥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የተቃጠለ ወይም የተሰነጠቀ ጫፍ በማናቸውም ቅባት አይድንም፤ መድኃኒቱ መቀስ ነው። ቅባት የሚያደርገው ስንጥቁን ለጊዜው መሸፈንና የባሰ እንዳይሰነጠቅ ማለስለስ ነው። ጠጕር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። አንዱ ዘለላ ከ2 እስከ 6 ዓመት ሲያድግ ቆይቶ ያርፍና ይረግፋል፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ቢረግፍ የሚያሠጋ አይደለም። እነዚህን ቍጥሮች በልብሽ ያዢ፤ ለኋላ ያስፈልጉናል።

ሌላው ጠባይ ደግሞ ይህ ነው። የባርዶ ዓይነት ጠጕር ውሃ ሲነካው ይወርዳል፤ ሲደርቅም ከሞላ ጐደል በዚያው ርዝመት ይቀመጣል። የብዙዎቻችን ጠጕር ግን ጥቅልል ነው። በርጥብነቱ ሲሳብ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘለላ፤ ሲደርቅ ተሰብስቦ 5 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ተማሪዬ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ጠጕሯን አርጥባ፣ እስከ ቅንድቧ ስባ ቈረጠችው፤ ሲደርቅ ወደ ግንባሯ አናት ወጣባት። የወጣውን ለማውረድ ፔስትራውን አነሣች፤ ጠጕሩ ገና አልደረቀም ነበር።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ትምህርታችንን እናስታውስ። ርጥብ ጠጕር ውስጡ ውሃ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፤ ውሃ በእኛ ከተማ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ፔስትራ ደግሞ እስከ 200 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይግላል። ርጥብ ዘለላ በዚህ ብረት መካከል ሲገባ ውሃው በውስጡ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም የጠጕሩን ግድግዳ እየነደለ ይወጣል። «ቺስ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። የተነደለው ዘለላ ኋላ ማበጠሪያ ሲነካው ከመካከሉ ይሰበራል።

ይህን ካወቅሽ ዘንድ ቍርጡን ለሚሻ ሰው መንገዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሳትቈርጪ ሞክሪው። ረጅሙን ጠጕርሽን ከኋላ ሰብስበሽ ከአናትሽ ላይ እሰሪው፤ ጫፉን ወደ ግንባርሽ አውርደሽ ከመሐል ክፈይው። ከመስተዋት ፊት ቁሚ፤ አንድ ቀን ሙሉም እንዲሁ ዋዪ። ሲያስጨንቅሽና ዐይንሽን ሲወጋሽ ከዋለ መልሱን አግኝተሻል፤ መቀስም አላነሣሽም።

ከወደድሽው ግን ቈራጭ ፈልጊ፤ የመጀመሪያውን ቍርጥ በገዛ እጅሽ አታድርጊው። ለቈራጩም ጠጕርሽን በምትውዪበት መልኩ አሳዪው። ጥቅልሉን ለቅቀሽ የምትሄጂ ከሆነ ደረቁንና ጥቅልሉን እንዳለ፣ ዘለላ በዘለላ ይቍረጠው። ዘወትር አስተኝተሽ የምትሄጂ ከሆነ ተስተካክሎ ከደረቀ በኋላ ይቍረጠው። የሚቈረጠው ክፍል ከግንባር በላይ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የሚለይ ነው፤ አንዱ ማዕዘን ወደ አናት፣ ሁለቱ ከሁለቱ ቅንድቦች በላይ ይሆናሉ። ወደ ጆሮ ግንድ አይለፍ። ዐጭሩ ዘለላ በመጀመሪያው ቀን ከአፍንጫ ድልድይ በላይ አይውጣ፤ ረጅሙ ከጉንጭ አጥንት በታች ይውረድ። የመቀሱም አያያዝ አግድም ሳይሆን ቁልቁል በጫፉ ነው፤ አግድም ከተቈረጠ መጋረጃ መሆኑ ይቀርና መጥረጊያ ይመስላል። «ትንሽ ረዘመ» ብለሽ ብትወጪ ነገ ትመለሻለሽ፤ «ትንሽ ዐጠረ» ብለሽ ብትወጪ ግን የምትመለሺበት የለሽም።

የየዕለቱ አያያዝ ከባድ አይደለም። ጠጕር ሲርስ በውስጡ ያሉት ደካማ ማሰሪያዎች ይፈታሉ፤ ሲደርቅ ደግሞ በያዘው ቅርጽ መልሰው ይታሰራሉ። ስለዚህ ጠዋት መላው ራስሽን ማጠብ አያስፈልግም፤ የግንባርሽን ጠጕር ብቻ ጥቂት ውሃ ነክተሽ ከመሐል ክፈይና ሁለቱንም ወገን ከፊትሽ ወደ ኋላ በሚሄድ አጠቃለል በትልቅ ቢጎዲን ጠቅልዪ። ሻይሽን ጠጥተሽ፣ ልብስሽን ለብሰሽ እስክትጨርሺ ይደርቃል፤ ስትፈቺው ወደ ጉንጭሽ ዞር ብሎ ይወርዳል። በማድረቂያ የምትጠቀሚም ከሆነ፤ ከሞቀ በኋላ በቢጎዲኑ ላይ እንዳለ እስኪቀዘቅዝ ታገሺ፤ ቅርጹ የሚጸናው ሲቀዘቅዝ ነውና። ፔስትራም የግድ ከሆነ ጠጕሩ ፈጽሞ ይድረቅ፤ ሙቀቱ ከ180 ዲግሪ አይለፍ፤ በአንድ ዘለላ ላይም አንድ ጊዜ ብቻ ይለፍ። በክረምት ግን የሰኔና የሐምሌ ጭጋግ ሥራሽን በአንድ ሰዓት ቢያፈርሰው አትዘኚ፤ ማሰሪያዎቹን የፈታው ውሃው እንጂ ስንፍናሽ አይደለም።

ስለ ቅቤም ጥቂት እንበል። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ሲቀቡን ያለ ምክንያት አልነበረም። በጥቅልል ጠጕር ላይ ከቆዳ የሚመነጨው ወዝ እየተጠማዘዘ እስከ ጫፍ ለመውረድ ይቸገራል፤ ስለዚህ ጫፉ ይደርቃል። ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት ያንን ድርቀት ያለዝባል፤ ጠጕርን ከሥሩ ያሳድጋል የሚለው ግን ልማድ እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። የመጋረጃ ቍርጥ ላላት ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ቅባት የጠገበ ጠጕር ቀኑን ሙሉ ግንባር ላይ ሲተኛ የቆዳ ቀዳዳዎችን ይደፍንና ብጉር ያወጣል። ስለዚህ ቅባቱን ከኋላ ላለው ረጅም ጠጕር፣ ይልቁንም ለጫፉ አድርጊው፤ የግንባሩን እለፊው። ግንባርሽን ማታ ማታ ታጠቢ። ስትተኚ ራስሽን በሐር ወይም በለስላሳ ሻሽ እሰሪ፤ የጥጥ ትራስ ጠጕርን ይፍቃል፤ ወዙንም ይጠጣል። ረጅሙን ጠጕር ስታበጥሪ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር ውጪ፤ ከሥር ጀምሮ የሚጐትት ሰው ቋጠሮውን ሁሉ ከታች ሰብስቦ ይበጥሰዋል። ጥቅልል ጠጕር በደረቁ ሳይሆን ረጠብና ለስለስ ብሎ ሳለ፣ ጥርሱ በሰፋ ሚዶ ይበጠር።

ወጪውንም አስቢ። መጋረጃው በየስድስት ሳምንቱ ገደማ መስተካከል ይሻል፤ አለዚያ ከዐይን ላይ ይወርዳል። የወር ደመወዝ የምትቀበዪ ጸሐፊ ወይም የኪስ ገንዘብ የምትቈጥሪ ተማሪ ከሆንሽ፤ ከመቈረጥሽ በፊት ይህን ወጪ ከቤት ኪራይና ከታክሲ ጋር አስልተሽ እዪው። ቢሰለችሽና ልተወው ብትዪ ደግሞ፤ ከቅንድብ እስከ አገጭ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና በወር 1 ሴንቲ ሜትር ብናሰላው አንድ ዓመት ትጠብቂያለሽ። የአንድ ዓመት ነገር በአንድ ምሽት አይወሰንም።

አሁን ወደ ተማሪዬ ልመለስ። «ለምን ፈለግሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ለፋሽን የምትለኝ መስሎኝ ነበር። እርስዋ ግን በጣቷ የግንባሯን ሁለት ጥጎች አሳየችኝ። በዚያ ላይ ጠጕር የለም፤ ቆዳው ያበራል፤ ከጆሮዋም በላይ ሳስቷል። «እየሸሸብኝ ነው፤ መሸፈኛ ይሆነኛል ብዬ ነው» አለችኝ። ከስድስት ዓመቷ ጀምራ በየሁለት ሳምንቱ ቀጭን ሹሩባ ስትሠራ ኖራለች፤ ሹሩባ ሠሪዋም አጥብቃ ስለምትስብ «ቶሎ አይፈታባትም» ተብላ የምትመሰገን ናት።

ይህን ስሰማ ዝም ለማለት አልቻልሁም። እኔም መሐረቤን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ የራሴን ጥግ አሳየኋት። የእኔ ከግራ ጆሮዬ በላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ባዶ ስፍራ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ጠጕሬን አጥብቄ እያሠራሁ፣ በላዩም ሰው ሠራሽ ጠጕር እየጨመርሁ ያመጣሁት ነው። ሌሊት እስካለቅስ ያመኝ ነበር፤ «ቁንጅና ያለ ሕመም የት አለ?» እያልሁ ቻልሁት። ዛሬ ያ ስፍራ አይበቅልም።

እኅቴ ሆይ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። ሥር ያለ ዕረፍት ሲጐተት መጀመሪያ ይቈጣል፤ ቀጥሎ ይደክማል፤ በመጨረሻም ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል። በመጀመሪያው ጊዜ መጐተቱ ቢቀር ጠጕሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን ቅቤም፣ ሬትም፣ የውጭ አገር ቅባትም አይመልሰውም። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፦ ከተሠራሽ በኋላ የሚያሳክክ ወይም የሚያም የግንባር ዳር፣ ከሹሩባው ሥር የሚወጡ ትንንሽ ብጉሮች፣ በጥጉ ላይ የሚታዩ አጫጭርና ስስ ጠጕሮች። እነዚህን ያየሽ እንደ ሆነ ሹሩባውን ዛሬውኑ ፍቺው፤ ቆዳ ሐኪምም እንዲያይሽ አድርጊ። ሹሩባ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ከማጥበቁ ነው። «እባክሽ ላላ አድርጊልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ጠጕርን በመድኃኒት ለማስተኛት የምታስቢም ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ከማስተኛው ቅባት አንዳንዱ ቆዳን የሚያቃጥል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት፤ አንዳንዱ ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ይህንንም የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ33,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዲህ ያለውን ማስተኛ አዘውትረው በተጠቀሙት ዘንድ የማሕፀን ካንሰር በዝቶ አግኝቷል። መንሥኤው ይኸው ለመሆኑ ማስረጃው ገና አልተሟላም፤ ለግንባር ሁለት ዘለላ ተብሎ ግን የሚደፈር ነገር አይመስለኝም።

ወንድሜ ሆይ፤ አንተም «ይህ የሴቶች ገጽ ነው» ብለህ አትለፈው። በዚያ ሰኞ የሳቁት ልጆች ክፉዎች አልነበሩም፤ በማግሥቱ ጠርቼ ስለ ሥሩና ስለ ጠባሳው በሥነ ፍጥረት ትምህርት ቋንቋ ስነግራቸው፤ አንደኛው «የእኅቴም እንደዚሁ ነው» ብሎ ዝም አለ። ያ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ለእኅቱ ምን እንዳላት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በክፍላችን በነጠላ የሳቀ የለም።

ከተማሪዬ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። የተለበለበውን ጫፍ አንዲት ደኅና ቈራጭ አስተካከለችው፤ የቀረውም ጥቅልሉን ጠብቆ ከመሐል ተከፍሎ በሁለት ትንንሽ ማስያዣ ወደ ጎን ተያዘ። ሹሩባ እስከ ክረምት ድረስ አይነካትም፤ ቢነካትም ወፍራምና ላላ ያለ እንጂ ቀጭን አይሆንም። ቆዳ ሐኪሙ ካያት በኋላ የቀኙ ጥግ ገና ጠባሳ አለመሆኑን ነገራት፤ ስለ ግራው ግን ጥቂት ወራት እንጠብቅ ብሏል።

ባለፈው ዓርብ ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ ገባች። መጋረጃው ስልኳ ላይ ያለውን ሥዕል አይመስልም፤ እርስዋን ግን ይመስላል። ጥጎቿም ይታያሉ። ጥያቄ ስጠይቅ እጇን አወጣች፤ መልሱንም አሳሳተችው፤ እንደ ወትሮዋ ቆማ ተከራከረችኝ።

በየወሩ መጨረሻ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመን የግራ ጥጓን በማስመሪያ እንለካለን። የመጀመሪያው ልክ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል። የሚቀጥለው ሲጻፍ እነግራችኋለሁ።